ካርቶኑ ውስጥ ምን ነበር?

ማክሰኞ ማክሰኞ ዳገቱን ስወጣ፣
የኪንግስተን ፀሐይ ቆርቆሮ ስትቀጣ፣
የጫማ ካርቶን ነው በብብቴ ያለው፤
ሰው ሁሉ «አይሲልዳ፣ ዛሬ ምን ትሸጫለሽ?» ይለኛል ሲያየው።

ሻጭ አልነበርኩም። ከጤና ጣቢያው ነኝ።
ሚዛንና ሜትር፣ አንድ ደብተር አለኝ፤
ደብተሬ ላይ ደግሞ የሕፃናት ስም፣
ከፊሉ ጎን ምልክት፣ ከፊሉ ጎን የለም።

ኑሪንን ሳገኛት ሰባት ወሯ ነበር፣
ባልዲ ተደግፋ በቧንቧው ሰልፍ ዳር።
ባሏ ፍሎሪዳ ነው፣ አገዳ ሊቆርጥ ሄዷል፤
ደብዳቤው ይመጣል፣ ገንዘቡ ይቀራል።
ምሳዋ ጥሬ ማንጎ፣ ጨው የተነሰነሰ፣
እራቷ ጥቁር ሻይ፣ ያውም ከደረሰ።
ሆዷ ውስጥ ያለው ግን ሒሳብ ይዞ ነበር፤
ያላትን ከደሟ፣ የሌላትን ካጥንቷ ሲበደር።
የጎረቤት ጠብ፣ የጥይት ድምፅ ማታ፣
እሷ ስትበረግግ እሱም ይላል መታ መታ።

ኦርቪል ተወለደ። በሚዛኔ ላይ
መርፌዋ ፈቀቅ ብላ ቆመች፤ ደከማት ወይ?

ካርቶኔን ከፈትኩት፦
ጠርሙስ ውስጥ ጠጠር፣ ቆርኪ በክር፣
አሮጌ ካልሲ፣ ዓይን የተሰፋለት፣ ሰው ሲያየው የሚያፍር።
«ንገሪው» አልኳት፤ «ስታጥቢ፣ ስትቀቅዪ፣
ይህ ሳሙና ነው በዪ፣ ይህ ሸሚዝ ነው በዪ።»
አረፋው እጇ ላይ እንዳለ ሳቀችብኝ፦
«መልስ ለማይሰጥ ሰው ማን ይናገራል?
ጎረቤት ቢሰማኝ ‹አበደች› ይለኛል።»
«ይሰጣል» አልኳት። «ዛሬ ግን አይደለም።»

መስከረም ላይ አውሎ ነፋስ ጣራ ገፍፎ ሄደ፤
ሁለት ማክሰኞ ቀረሁ፣ ዳገቱ ተናደ።
በሦስተኛው ወጥቼ አጥሯ ጋ ስቆም
ድምፅ ሰማሁ፤ የሬዲዮም አይደለም።
ኑሪን ናት። የወተት ጣሳ በስታ፣ ገመድ አስራ፣
«መኪናው ቆመ፣ ጭነት አራገፈ፤ ተነስ አሁን፣ ወደ ሥራ!»
«ባ» አላት ኦርቪል።
አንድ ፊደል።
ደብተሬን መክፈት ረስቼ ቆምኩኝ፣ እንደ እንግዳ፣ ከደጅ።

አሁን ወደዚያኛው ቤት። ብሸሸውም አይለቀኝ።
ከአጥሩ ማዶ ኬልሶ ነበር፣
ኦርቪልን በአሥር ቀን የሚበልጥ፣
ስሙ ጎን ምልክት የሌለው።
ሚዛን ብቻ። ሜትር ብቻ።
መመሪያው «ለማወዳደሪያ ነው» ይላል፤ «ካርቶን እንዳይከፈትለት።»
የጻፉት የተማሩ ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም፤
ጠጠርና ቃል ልጅን ያሳድግ እንደሆን
ማወቅ ፈልገው ነው።
እኔም ደሞዜን ፈልጌ ታዘዝኩ።

እናቱ የሆቴል አንሶላ ታጥባለች፤
ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች፤
ልጇን የምታውቀው ተኝቶ ነው።
እሱ ቆርቆሮውን ይዞ ይቆማል፣
በሚስማሩ ቀዳዳ አንድ ዓይን፤
ወዲህ ማዶ ጠጠሩ ሲንሿሿ
ያ ዓይን ይሰፋል።
አንድ ቀን ከኪሴ ቆርኪ ወደቀ፣ አጥሩ ሥር ገባ ልበል?
አልወደቀም።
ቢወድቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም።

ሠላሳ ዓመት ሆነ። ጉልበቴ ዳገት ጠላ።
ኦርቪል አውቶቡስ ይነዳል፤ ወሬ አያቆምም፤
ተሳፋሪው «መንገዱን እይ እንጂ!» እያለ ይማረርበታል።
ኬልሶን ገበያ አገኘሁት፣ ሙዝ እየመዘነ።
በሚዛን።
ደህና ሰው ነው፣ ዝምተኛ።
መልሴን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ እጄ ላይ አኖረና
«ሚስ አይሲልዳ» አለኝ፣ «ካርቶኑ ውስጥ ምን ነበር?»
«ጠጠር» አልኩት። «ቆርኪ። አንድ ካልሲ።»
«ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው።»

ሙዙን በጋዜጣ ጠቀለለው፤
አንድ ጨመረልኝ፣ ሳይመዝነው።